የሞላ አየር ጠመንጃ ዒላማ ሲስት፦ ችግርና መፍትሄ

በጀርመን ወይም በብሪታንያ የዒላማ ተኩስ ስፖርት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ቱቦው ወደ ታች እየታጠፈ የሚቀባበል ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው መሳት ሲጀምር ደግሞ አስቀድሞ የሚከሰሰው በላዩ የተገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ባለቤቱ ውድ መነጽር ይገዛል፤ እሱም አልመታ ሲለው ሌላ ሞላ፣ ሌላ ሰደፍ እያለ ዕቃ ሲለዋውጥ ይከርማል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ቪቴ፣ ቀጥሎ አያያዝ፣ ከዚያ ጥይት፣ ከዚያ የመነጽር ማሰሪያ፤ መነጽሩ ራሱ መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም አያስወጡም፣ ሦስተኛው የአንድ ቆርቆሮ ጥይት ዋጋ ነው።

ምክንያቱ የሚገባን አሠራሩን ስናውቅ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከባዱን ሞላ ይጨምቀዋል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፣ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቀዋል፣ የታመቀው አየርም ጥይቱን ይገፋዋል። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ፒስተኑ ከታመቀው አየር ጋር ተላትሞ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው መልሶ ወደ ፊት ይነጠራል። ርግጫው የሚጀምረው ጥይቱ ገና በቱቦው ውስጥ ሳለ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የዚህ ባለ ሁለት አቅጣጫ ርግጫ ልጆች ናቸው።

ማንኛውንም ፍተሻ ከመጀመር በፊት ጠመንጃው ባዶና ያልተቀባበለ መሆኑ ይረጋገጥ። ቱቦው ታጥፎ ጥይት በሚገባበት ጊዜ አንደኛው እጅ ቱቦውን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ በድንገት ከተላቀቀ ቱቦው በሞላው ጉልበት ተመልሶ ጣት ይቆርጣል። የመከላከያ መነጽርም ግዴታ ነው፤ የእርሳስ ጥይት ጠንካራ ነገር ሲመታ ተመልሶ ይነጥራል።

ምልክት፦ ጥይቶቹ አንድ ቦታ አያርፉም፣ ይበተናሉ

በመጀመሪያ ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ቪቴዎች ይፈተሹ። በሁለቱም ጎን ከፊት ያሉትና ከምላጩ መከለያ አጠገብ ያሉት በየጊዜው ይላላሉ፤ ርግጫው እየነቀነቀ ይፈታቸዋል። በትክክለኛው ካቻቢቴ ወይም ብሩጎላ ማጥበቅ በቂ ነው። ቶሎ ቶሎ ከላሉ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የቪቴ ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይደረግበት፤ ለዘለቄታው የሚያጣብቀው ዓይነት ግን አይነካ፣ ነገ የሚፈታው አይኖርም። ቱቦው የሚታጠፍበት ማጠፊያ ብሎንም አብሮ ይታይ። ተቀባብሎ ሳይዘጋ ቱቦው ወደ ጎን ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ልል ነው።

ቪቴው ደህና ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከእጃችን ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚቀበል ሰው ጥቂት ነው፣ በተለይ በወታደር ቤት ጠመንጃ ይዞ ያደገ ሰው። ሰደፉን ከትከሻ ጋር አጥብቆ መያዝ፣ የፊቱን እጀታ መጨበጥ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ በቀጥታ ማሳረፍ፣ ሁሉም ለባሩድ ጠመንጃ የሚበጁ ለሞላ ጠመንጃ ግን የማይበጁ ልማዶች ናቸው። የሞላ ጠመንጃ በነጻነት ወደ ኋላና ወደ ፊት መንሸራተት ይፈልጋል፣ መድፍ በመንኮራኩሩ ላይ ወደ ኋላ እንደሚሸሸው። የተከፈተ መዳፍ ከጠመንጃው ሚዛን ነጥብ ሥር ይዘርጋ፣ ጣቶቹ አይጨብጡ፣ ሰደፉ ትከሻን ነካ ብቻ ያድርግ። ከረጢት ካለ እጅ በከረጢቱ ላይ፣ ጠመንጃው በእጁ ላይ ይሁን። እጁ የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄዱ ብቻ የሚመታበትን ነጥብ ሊያዛውረው ይችላል።

ቀጥሎ ጥይቱ። ባለ 4.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ሁሉ ማንኛውንም ባለ 4.5 ሚሊሜትር ጥይት አይወድም። ወገባቸው ቀጭን የሆነው የእርሳስ ጥይቶች ጭንቅላታቸው 4.50፣ 4.51 እና 4.52 ሚሊሜትር እየተባለ ተለክቶ ይሸጣል፤ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ በዒላማው ወረቀት ላይ ግን ይታያል። የቼኩ ጄኤስቢና የጀርመኑ ኤች ኤንድ ኤን የተለያዩ ጥይቶችን በጥቂት በጥቂቱ የያዙ የመሞከሪያ ሳጥኖችን ይሸጣሉ። በአንድ ርቀት፣ በአንድ አያያዝ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር አሥር ጥይት ይተኮስ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ አይቆጠሩ፣ ቱቦው አዲሱን እርሳስ እስኪለምድ ድረስ ነው። ክብ ጭንቅላት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሹሉ የተሻለ ይሰበሰባል። ሹሉ በማሸጊያው ላይ ያምራል እንጂ በወረቀቱ ላይ ብዙም አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መበተኑ ከቀጠለ መነጽሩ ይጠርጠር። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ጠመንጃው የብረት ማነጣጠሪያ ካለው መነጽሩ ተፈትቶ በእሱ ይተኮስ። በብረቱ ከተሰበሰበ ጥፋተኛው መነጽሩ ወይም ማሰሪያው ነው። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠሩ ብዙ መነጽሮች ወደ ኋላ ለሚሄድ ርግጫ ብቻ የተዘጋጁ በመሆናቸው ወደ ፊት የሚነጥረው የአየር ጠመንጃ ውስጣቸውን ያላላዋል። ስለዚህ ለሞላ አየር ጠመንጃ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበት መነጽር ነው የሚገዛው። ትልቅ የባሩድ ጠመንጃ የቻለ መነጽር ይህችን አያቅተውም የሚለው ክርክር ብዙ ሰው ሁለተኛ መነጽር እንዲገዛ አድርጓል።

ምልክት፦ የሚመታበት ነጥብ ቀስ በቀስ ይሸሻል

መነጽሩ ከነማሰሪያው፣ በጠመንጃው ጀርባ ላይ ማሰሪያው በሚነክሰው ሐዲድ ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። ከማሰሪያው ኋላ በእርሳስ መስመር ተሰምሮ ከሃያ ተኩስ በኋላ ቢታይ እውነቱ ይወጣል። የብዙ አየር ጠመንጃዎች ሐዲድ 11 ሚሊሜትር የሚባለው ጠባቡ ነው፤ ለሰፊው የፒካቲኒ ሐዲድ የተሠራ ማሰሪያ ቢጠብቅም አይይዝም። ትክክለኛው ማሰሪያ ከሥሩ የምትወርድ ማቆሚያ ችንካር ያለው ሲሆን፣ ችንካሯ በጠመንጃው ጀርባ ላይ ከተበሳው ቀዳዳ ትገባለች። ቀዳዳ ከሌለ ከማሰሪያው ኋላ የሚታሰር ማቆሚያ ይሸጣል። ከሁለት የተለያዩ ቀለበቶች ይልቅ አንድ ወጥ ማሰሪያ የሐዲዱን ብዙ ቦታ ስለሚነክስ የተሻለ ነው። ቪቴውን በጉልበት ማጥበቅ ግን መፍትሄ አይደለም፤ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቀዋል። የቀለበቶቹ ስፋትም ከመነጽሩ ቱቦ ጋር ይመሳከር፤ 25.4 እና 30 ሚሊሜትር የሆኑት ይበዛሉ።

ምልክት፦ የከፍታ ማስተካከያው አለቀ፣ ጠመንጃው ግን አሁንም ዝቅ አድርጎ ይመታል

ቱቦው ከሐዲዱ አንጻር ወደ ታች አዘንብሏል። ታጣፊ ቱቦ ባላቸው ጠመንጃዎች ይህ የተለመደ ነው፣ ብልሽት ተብሎ ሱቅ የሚያስመልስ አይደለም። ማስተካከያውን እስከ ጫፉ እያዞሩ መቀጠል ሌላ ችግር ይወልዳል፦ በመነጽሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞላ ስለሚላላ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል በየተኩሱ ይወዛወዛል፤ ያኔ የዝቅታው ችግር የመበተን መልክ ይዞ ይመጣል። የኋላው ከፊቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ወይም ከፍታው የሚስተካከል ማሰሪያ መግዛት ነው ትክክለኛው መንገድ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በኋላው ቀለበት ውስጥ፣ ከመነጽሩ ቱቦ ሥር፣ የቀጭን ፕላስቲክ ቁራጭ ይበቃል። ከዚያ በላይ መደራረብ መነጽሩን ያጎብጠዋል።

ምልክት፦ በአሥር ሜትር ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ መስቀሉ ከዒላማው ላይ ይሄዳል

የመነጽሩ ርቀት የተስተካከለው ለሩቅ ነው። የአደን መነጽሮች ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ ተስተካክለው ይወጣሉ። ለአየር ጠመንጃ ርቀቱ ከፊት ባለው ቀለበት ወይም በጎን ባለው መዘውር የሚስተካከል፣ እስከ አሥር ሜትር የሚወርድ ይመረጥ።

ምልክት፦ ጉልበቱ ቀንሷል፣ ጥይቱ ዘግይቶ ይደርሳል

ቱቦው ሲዘጋ ፒስተኑ ከሚመላለስበት ሲሊንደር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የምትገኝ የጎማ ቀለበት አለች። ጥይት ገብቶ፣ ደህና መከላከያ ባለበት ቦታ፣ በመገናኛው ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ተደርጎ ይተኮስ። ሶፍቱ ከተርገበገበ አየር በዚያ እየሾለከ ነው። ቀለበቷ ርካሽ ናት፤ የምትለወጠውም በመርፌ አውጥቶ አዲሷን በመጫን ነው፤ ልኳ ግን ከጠመንጃው ሞዴል ጋር አንድ መሆን አለበት። ሶፍቱ ጸጥ ካለ ተጠርጣሪዎቹ አየር በፒስተኑ ዙሪያ እንዳያልፍ የሚዘጋው የፒስተኑ ማሸጊያና ሞላው ናቸው።

የፍጥነት መለኪያ ያለው ሰው ግምት አያስፈልገውም። 0.547 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 165 ሜትር ቢወጣ ጉልበቱ 7.5 ጁል ገደማ ነው፤ ይህም በጀርመን «ፍ» ድምፅ ያለው የላቲን ፊደል በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተቀረጸባቸው ጠመንጃዎች ወሰን ነው። በብሪታንያ የአየር ጠመንጃ ወሰን 12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 16.27 ጁል ያህል ነው። ይህን ያለፈ ጠመንጃ በሕጉ ፊት ፈቃድ የሚጠይቅ የጦር መሣሪያ ይሆናል። በስኮትላንድ ደግሞ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ከወሰኑ በታች ላለው ጭምር የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። «ጠንካራ ሞላ» እየተባለ የሚሸጠውን መግዛት ስለዚህ ጥገና ሳይሆን ክስ ሊያስከትል የሚችል ለውጥ ነው። ርግጫውንም ስለሚያባብሰው ዒላማው ይብስ ይበተናል።

ምልክት፦ ሲተኮስ ጭስ ይወጣል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል

በሲሊንደሩ ውስጥ የገባ ዘይት በታመቀው አየር ሙቀት እየተቀጣጠለ ነው። አዲስ ጠመንጃ ላይ ከፋብሪካ የተረፈው ዘይት እስኪያልቅ ድረስ ትንሽ ጭስ ይጠበቃል። ካልቆመ ወይም ድምፁ እንደ ጅራፍ ከጮኸ፣ አንድ ሰው አየር ከሲሊንደሩ ወደ ጥይቱ በሚያልፍባት ቀዳዳ ዘይት አፍስሷል ማለት ነው። ሰው ሠራሽ ማሸጊያ ያለው ጠመንጃ በዚያ ቀዳዳ ምንም ዘይት አይፈልግም፤ ጥቂት ጠብታ የሚፈልገው የቆዳ ማሸጊያ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ያለ ጥይት መተኮስም ለማጥራት አይረዳም፤ ፒስተኑን የሚያቆም የአየር ትራስ ስለማይኖር ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ተላትሞ ማሸጊያውን ይሰብረዋል።

ምልክት፦ ከተኩስ በኋላ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል

ሞላው ከመምሪያው ዘንግ ጋር ልል ነው። ወፍራም የሞላ ግራሶ በስሱ መቀባት ወይም ልኩን የጠበቀ መምሪያ መግጠም ያስታግሰዋል። ሁለቱም ጠመንጃውን መክፈት ይጠይቃሉ፤ ሞላው ሳይቀባበልም ቢሆን ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ መጨረሻው ብሎን ሲፈታ የኋላው መዝጊያ ፊት ላይ ሊወነጨፍ ይችላል። የሞላ መጭመቂያ ማሽን የሌለው ሰው ጠመንጃውን ለጠጋኝ ይውሰደው፤ ድምፁ ብቻ ከሆነ የሚያስቸግረው ዒላማው ላይ ያን ያህል ጉዳት ስለሌለው ሳይነካ ቢቆይም ይችላል።