ኢሚውኖሎጂ የምታጠኑ፣ ሥዕል ሥሩ

ክሊኒካል ኢሚውኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያን የሚመለከቱ የላብራቶሪ ምርመራዎች ትምህርት) የያዛችሁ ልጆች፣ ስላይድ መሸምደዱን ተዉት። እኔ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ሸምድጄዋለሁ (አስተናጋጇ በዓይኗ ስታባርረኝ ነበር)። ፈተናው ላይ ሁሉም ተምታታብኝ።

የጠቀመኝ ለእያንዳንዱ ምርመራ ሥዕል መሥራት ነው። ፕሌቱ (ምርመራው የሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ ቀድሞ የተለጠፈው ምንድን ነው? ከታካሚው ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) የምንፈልገውስ? ቀለሙን የሚያመጣው ማነው? ኢንዳይሬክት ኤላይዛ (አንቲቦዲ መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ) ላይ የተለጠፈው አንቲጅን፣ ማለትም አንቲቦዲ የሚይዘው ነገር ነው። የታካሚው አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) መጥቶ ይይዘዋል። ኢንዛይም የተሸከመው ሁለተኛ አንቲቦዲ ደግሞ እሱን ይይዛል። ቀለሙ ሲደምቅ አንቲቦዲው በዝቷል ማለት ነው። ኮምፒቲቲቭ ኤላይዛ (የምንፈልገው ነገር ኢንዛይም ከተሸከመው ጋር ለቦታ የሚሻማበት) ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የምንፈልገው ነገር ሲበዛ ቀለሙ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ፈተና ላይ የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው።

ፕሮዞንንም (አንቲቦዲ በጣም ስለበዛ ምርመራው በስህተት ኔጌቲቭ የሚመስልበትን) እንዳትንቁት። ልምምድ ላይ እያለሁ አንድ የቂጥኝ ምርመራ፣ አርፒአር፣ ኔጌቲቭ ብዬ ልጽፍ ስል ተቆጣጣሪዬ «ቆይ፣ ሴረሙን በሳላይን በርዘህ ድገመው» አለኝ። 16 እጥፍ ሲበረዝ (1:16) አርፒአሩ ውስጥ ያሉት የከሰል ቅንጣቶች ጥርት ብለው ተሰባስበው ታዩ። አንቲቦዲው ከአንቲጅኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ እርስ በርስ መያያዙ ይከሽፋል፤ ሲበረዝ ነው የሚታየው። የምርመራውን ካርድ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ኤኤንኤ (የራስን የሴል ኒውክለስ የሚይዙ አንቲቦዲዎች ምርመራ) ላይ ደግሞ ቶሎ አትፍረዱ። ሴረሙ 80 እጥፍ ተበርዞ (1:80) ፖዘቲቭ መሆኑ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል፤ ብቻውን ሉፐስ (መከላከያው የራስን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ) አይባልም።