«ሥራ ተፈጠረለት» ከማለታችሁ በፊት

በሥራ ዕድል ፈጠራ ዘርፍ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች በባለሙያነት ይቀላቀሉናል። ትጉ ናቸው፣ ሰው ለመርዳት ይፈልጋሉ፣ እወዳቸዋለሁ። ግን እዚያው ስህተት ላይ ሲወድቁ ደጋግሜ አየሁ፤ ዝም ማለት አቃተኝ። አንዳንዱን እኔም ሠርቼዋለሁ።

ሰው ቆጥሮ «ሥራ ቆጠርኩ» ማለት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። አንድ ልጅ መስከረም ላይ ኮብልስቶን ንጣፍ ይቀጠራል እንበል። አንድ ሥራ ተፈጠረ ተብሎ ይመዘገባል። ኅዳር ላይ መንገዱ ያልቃል። ጥር ላይ ተደራጅቶ ብድር ይወስዳል፤ ሁለት። ሚያዝያ ላይ ማኅበሩ ይፈርስና ግንቦት ላይ የግንባታ ሳይት ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ይገባል፤ ሦስት። ሰኔ 30 ሪፖርቱ ሦስት ሥራ ይላል። ልጁ ግን የቀን ሥራውም አልቆበት ቤቱ ተቀምጧል። ይህ የሚሆነው ሰው ስለዋሸ ብቻ አይደለም። ቅጹ «ዛሬ ስንት አስገባችሁ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። «ስንቱ አሁንም አለ?» አይልም።

የእኔን ልንገራችሁ። አንድ ወረዳ ውስጥ ስሠራ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ደንበኞች ነበሯቸው። ከሌሎች ሴቶች ጋር አደራጅተን ሼድ ሰጠናቸው። እኔም «አዲስ የተፈጠረ ሥራ» ብዬ መዘገብኳቸው። ሼዱ ግን ከሰፈራቸው ሩቅ ነበር። የድሮ ደንበኞቻቸው አልተከተሏቸውም። ከወራት በኋላ ሳገኛቸው «ልጄ፣ ቤቴ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ሪፖርቱ ያኔ ተልኮ አልቆ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲሉኝ ያመኛል።

ስለዚህ አንድን ሰው ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፕሮግራሙ ባይኖር ምን ይሠራ ነበር? የገባበት ሥራ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው? ከዓመት በኋላስ የት አለ? ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። የተማሪ ወንበር ሥራ ያለ ጨረታ አምስት አባላት ላሉት አዲስ የእንጨት ማኅበር ሲሰጥ፣ ጥግ ላይ ሃያ ዓመት የሠራው አናጺ ሁለት ረዳቶቹን ያሰናብታል። አምስት ገባ፣ ሁለት ወጣ። የወጡት የማንም ሪፖርት ላይ የሉም።

የለቀቀውን ሁሉ ሰነፍ ማለት

«ሥራ ሰጠናቸው፣ ጥለው ሄዱ» የሚል ምሬት እሰማለሁ። እዚሁ ኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይቶ የተከታተለ ጥናት አለ። የኢንዱስትሪ ሥራ ካገኙት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ወጥተዋል። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ክፍያው ውጭ በግላቸው ከሚያገኙት አይበልጥም፤ የጤና ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ሰውየው የኪራይና የትራንስፖርት ሒሳቡን ሠርቶ ነው የወጣው። እናንተም አብራችሁት ሥሩ።

«መንገድ መጥረግ ደግሞ ሥራ ነው?»

የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦችን በሕዝብ ሥራ አሰማርቶ የሚከፍለው ፕሮግራም፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ይህን ያላለ ሰው አላጋጠመኝም። ጽዳት፣ ችግኝ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር ሥራው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ስላልተቻለ አዲስ አበባ ላይ ቅድሚያ የሚያገኙት ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ። ዕጣው ለተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ሆነ፤ የደረሰውን ካልደረሰው ጋር ማወዳደር ቻሉ።

ያገኙት ሁለት ገጽ አለው። ተጠቃሚዎቹ የሕዝብ ሥራ ሲይዙ የግል ሥራቸውን ቀነሱ። ማለትም ከፊሉ አዲስ ሥራ ሳይሆን ምትክ ነው። እዚህ ላይ ጭንቅላት ብቻ የሚቆጥር ሰው ተሳስቷል። ግን ልብስ የምታጥበው፣ ሸክም የሚሸከመው ሌላ አማራጭ ሲያገኙ ቀጣሪው ዋጋ ለመጨመር ይገደዳል። ፕሮግራሙ ከተማውን ሙሉ ሲያዳርስ የግል ሥራ ክፍያ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር ጥናቱ ገምቷል። የክፍያው ጭማሪና የሰፈሩ መሻሻል ሲደመር፣ ለድሃው የተገኘው ጥቅም ተጠቃሚዎቹ በቀጥታ ካገኙት ስድስት እጥፍ ሆኗል። ይህ «ስንት ሰው አስገባችሁ?» በሚል ቅጽ ላይ በፍጹም አይታይም። መዝገባችን ውስጥ ስሟ የሌለ ሴትም ተጠቅማለች።

ክፍያ ማዘግየት

የገጠሩ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የሕዝብ ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ የእርሻ ሥራ ጋብ ሲል፣ ጎተራም ሲራቆት። የሚያዝያ ክፍያ ሐምሌ ላይ ከደረሰ ቤተሰቡ እስከዚያ ፍየሏን ሸጧል፣ ወይም አራጣ ተበድሯል። ፕሮግራሙ የተቋቋመው ይህ እንዳይሆን ነበር! እባካችሁ የክፍያ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት።

አቅመ ደካማን አካፋ አታስይዙ። ያለ ሥራ የሚከፈለው ቀጥታ ድጋፍ የተዘጋጀው ለእነሱ ነው።

የማይተዋወቁ ልጆችን ማደራጀት

በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች የሚበደር፣ ሲመለስም ለሌላው የሚዞር የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመደብ ሁሉም ለመደራጀት ተሯሯጠ። ብድሩን ለማግኘት ብቻ ተሰብስበው ስም ያስመዘገቡ አምስት ልጆች ገንዘቡ እንደመጣ መጣላት ይጀምራሉ። አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ድርሻ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ትንሽ ነገር አብረው ይሥሩ፤ ዕቁብም ቢሆን ይጣሉ። ከዚያ አደራጇቸው።

የገጠሩን ዝቅተኛ ቁጥር አምኖ መቀመጥ

በ2013 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የከተማውን ሥራ አጥነት 18 በመቶ ገደማ፣ የገጠሩን ግን 5 በመቶ ገደማ አድርጎታል። ገጠሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። አራት ወንድማማቾች በአባታቸው ጠባብ ማሳ ላይ ተደራርበው ሲውሉ ሥራ አጥ ተብለው አይመዘገቡም። ድሃ ሰው ሥራ ፈትቶ መቀመጫ ስንቅ የለውም፤ ያገኘውን ይሠራል። ቁጥሩን ስታነቡ ሰዓቱንና ገቢውንም አብራችሁ እዩ።

ለዚህ ዓመት አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሪፖርታችሁ ላይ «አምና የመዘገብናቸው አሁን የት ናቸው?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ስልካቸው መዝገባችሁ ላይ አለ። በሃያ ሰው ጀምሩና ደውሉ።