ዩሪያውን ለስንዴው፣ አመዱን ለሜዳው

ሣር ብቻ ለሚፈልግ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ዩሪያ ገዝቶ ይበትን፣ ደግ ክረምት ይለምን። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከአንድ ሜዳ ድርቆሽም ማርም ለሚጠብቅ ሰው ነው። ቦታዬ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ ውርጭ የማይለየው ደጋ፣ ታችኛው ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ላይኛው ቀይ አፈር። ጥቂት ላሞች፣ የመንዝ በጎች፣ አንድ ፈረስና በጓሮ የተደረደሩ ቀፎዎች አሉኝ። ንቦቼ በክረምቱ መውጫ ማገጡን (መሬት ለመሬት የሚሳበውን ባለ ሦስት ቅጠል የባቄላ ዘመድ)፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ አደይ አበባውንና መቹን ካላገኙ በኅዳር የምቆርጠው ማር አይኖርም። ስለዚህ ከሜዳዬ ስንት ሸክም እንደ ወጣ ብቻ ሳይሆን በሣሩ መካከል ምን እንዳበበም እከታተላለሁ።

አንድ ጎረቤቴ «እትዬ፣ ሣሩ ከበዛልዎ አበባው ምን ያደርግልዎታል?» ይለኛል። ማሩን ሲቀምስ ጥያቄውን ይረሳዋል።

በመስከረም ዞር ብሎ ማየት

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት መስከረም አጋማሽ ላይ ከበረቱ በር ተነሥታችሁ እስከ ሜዳው ዳርቻ በእግራችሁ ሂዱ። በቀላሉ የሚታወቁ ሦስት ዓይነት ቦታዎች ታገኛላችሁ።

በበረቱ ዙሪያ ሳማ፣ ቱልትና ሙጃ አለ። እነዚህ ናይትሮጅን የጠገበ መሬት የሚወዱ ናቸው፤ እነሱ ባሉበት አፈር ማስመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። ራቅ ስትሉ ሣሩ ያንሳል፣ ቁመቱም ያጥራል፤ በመካከሉ ማገጥ ይሳባል፣ አደይም ብቅ ብቅ ይላል። የአበባው አገር ይህ ነው። በመጨረሻ የከብት መንገዱና የውኃ መውረጃው አካባቢ ስትደርሱ መሬቱ ተራቁቷል። የቀረው አክርማና ኮሸሽላ ነው፤ አክርማ ለሰፌድ መስፊያ ሴቶች የሚወዱት፣ ለከብት ግን የማይላመጥ ጠንካራ ሣር ነው። ኮሸሽላን ደግሞ እሾሁ ይጠብቀዋል። አክርማ የበዛበት ሜዳ በግጦሽ ተጎድቷል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ተከፋፈለ? ከብት ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ይበላል፣ ሌሊቱን በረት ያድራል። ከበላው ናይትሮጅን አብዛኛው በሽንትና በእበት ተመልሶ ይወጣል፤ የሌሊቱ ድርሻ የሚወድቀው ግን በበረቱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት የሜዳው ሀብት በከብቱ ሆድ ተጭኖ ወደ ቤት ይጋዛል። ሜዳ ላይ የቀረውንም እበት እኛ ለቅመን ኩበት እናደርገዋለን። ማንም አስቦ አላደረገውም፤ መካከለኛው ቦታ ለአበባ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥጋብም ረኃብም አልነካውም።

አበባን የሚገድለው ጥላ ነው

ማዳበሪያ አደይን አይመርዘውም። የሚያደርገው ሣሩን ማስረዘም ነው። ናይትሮጅን ያገኘ ሣር በሐምሌ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ያወጣው አደይና መሬት ለመሬት የሚሳበው ማገጥ ፀሐይ አጥተው ይቀራሉ። በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል፤ ማዳበሪያ በተጨመረለት ሣር ሥር መብራት ሲያበሩ፣ ያለ መብራት ይጠፉ የነበሩት ዕፅዋት ሳይጠፉ ቀሩ። እኛ ከሣር ሥር መብራት አንዘረጋም። ከብት ግን አለን፤ ረጅሙን ሣር አጭዶ ብርሃን ወደ ታች የሚያስገባልን የላሟ ምላስ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በእንግሊዝ አገር ሮዛምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያለው የሣር ሜዳ ነው። በፈረንጆቹ 1856 ላውስና ጊልበርት የተባሉ ሰዎች አንዱን ሜዳ ከፋፍለው ለየክፍሉ የተለያየ ማዳበሪያ መስጠት ጀመሩ፤ ሙከራው እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ምንም ያልተሰጠው ክፍል ወደ 40 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች አሉት። አሞኒየም ሰልፌት ሲወርድበት የኖረው፣ ኖራም ያላገኘው ክፍል ግን አንድ ሁለት ዓይነት ሣር ብቻ ቀርቶታል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ሦስተኛው ነው፤ ናይትሮጅን ሳይጨመር ፎስፈረስና ፖታሲየም በተሰጠው ክፍል የማገጥ ዘመዶች በዝተው ተገኙ።

አመድ፣ አጥንትና ዩሪያ

ከዚህ በመነሣት ለአበባ ሜዳ ያለኝ ሕግ አንድ ነው፤ ናይትሮጅን አትጨምሩ፣ ፎስፈረስ ግን በልኩ ከሆነ አትፍሩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ቦታው ስንዴው ዘንድ ነው። ዳፕና ኤንፒኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎችም፣ ዳፕ 18 በመቶ፣ ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስለያዙ «ፎስፈረስ አላቸው» ተብሎ ሜዳ ላይ አይበተኑም።

የአገራችን ማገጦች ፎስፈረስ እንደሚወዱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በደጋ ዋልካ ላይ ሲሞክራቸው ፎስፈረስ ያገኙት እጅግ ደልበው ነበር። ማገጥ ናይትሮጅኑን ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ስለሚያገኝ ከእኛ የሚፈልገው ሌላውን ነው።

ያ ሌላው ደግሞ በየቤታችን ምድጃ ሥር አለ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከአመዱ ጋር ይቀራል። ኩበት ማንደድ ለእርሻው ጉዳት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አልክድም። አንዴ ከነደደ ግን አመዱን ከቤት ኋላ መድፋት ሁለተኛ ኪሳራ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። አመዱን ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በማይነካው ቦታ አከማቹ፤ የረጠበ አመድ ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳል። ፕላስቲክና የባትሪ ድንጋይ የተቃጠለበትን አትቀላቅሉ። በግንቦት መጨረሻ ነፋስ በሌለበት ማለዳ በወንፊት ነፍታችሁ በስሱ በትኑት፤ ከበተናችሁ በኋላ አፈሩና ሣሩ በግልጽ መታየት አለባቸው። ነጭ ሆኖ ከተሸፈነ በዝቷል። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ለቀይ አፈር ደግ ነው፤ ዋልካው ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ከበዓል የተረፈ አጥንትም አቃጥላችሁ ብትወቅጡት ቀስ እያለ የሚሠራ ፎስፈረስ ነው። ውሾቹ ካስቀሩላችሁ ማለቴ ነው።

ሜዳውን በሙሉ በአንድ ዓመት አታዳርሱ። አንዱን ፈርጅ አመድ ስጡት፣ ጎኑን ተዉት፣ በድንጋይ ምልክት አድርጉና በመስከረም አወዳድሩ። ማገጡ ካልጨመረ መሬታችሁ የጎደለው ፎስፈረስ አይደለም ማለት ነው፤ አመዱን ለጎመኑ ውሰዱት።

መንጋው መቼ ይግባ፣ መቼ ይውጣ

ከማዳበሪያው ይልቅ አበባውን የሚወስነው ግጦሹ ነው። ሰዎች «ከብት አበባ ያጠፋል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ግማሽ እውነት ነው። ፈጽሞ ከብት የማይገባበት ሜዳም አበባ የለውም፤ የአምናው ሣር ደርቆ ይተኛበታል፣ ዘሩ አፈር አይነካም። ጥያቄው የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወር የሚለው ነው።

ላም የላይ ፊት ጥርስ ስለሌላት ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጫለች። ስለዚህ የምትመርጠው ረጅሙን ነው፤ መሬት የተጠጋው ማገጥ ያመልጣታል። በግ ደግሞ በቀጭን ከንፈሩ ይለቅማል፤ የማገጥ ራስና የአደይ እንቡጥ ካየ ሣሩን ዘሎ እሱን ነው የሚቀጥፈው። ሜዳው ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ፣ በነሐሴ ለጥቂት ቀን የገባ የበግ መንጋ የመስከረሙን አበባ አስቀድሞ ይበላዋል። ፈረስ ከላይም ከታችም ጥርስ ስላለው እስከ መሬት ይላጫል፤ አንዱን ቦታ ላጭቶ ሌላውን ለፋንድያው ይተወዋል። እንደ ፈረስ ሜዳ የሚያዥጎረጉር የለም።

የእኔ ዓመት እንዲህ ይሄዳል።

ከድርቆሹ አጨዳ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው፤ በጎቹም ይግቡ። አደይ ከዘር የሚበቅል ነው፤ ዘሩ በዚህ ጊዜ መሬት ላይ ነው። ኮቴ የደረቀውን ገለባ ይሰባብራል፣ ቅርፊት የሠራውን አፈር ይፈረካክሳል፣ ዘሩንም ወደ ታች ይጫናል። ሣሩ ከጣት ርዝመት ሲያንስ ግን አስወጧቸው፤ ሥር የተነቀለበት ቦታ ለአክርማ ክፍት ሆነ ማለት ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ ሲጥል ሣሩ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። ያን ጊዜ ላሞቹን ብቻ ለአጭር ጊዜ አስገባለሁ፤ ረጅሙን ያጎነብሱልኛል። የሚወጡበትን ቀን የሚነግረኝ ዋልካው ነው፤ የላም ኮቴ ዱካ ውኃ መያዝ ከጀመረ በዚያው ቀን ይወጣሉ። በጭቃ የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ እብጥብጥ ያለ ድንጋይ ስለሚሆን ለማጭድም ለዘርም አይመችም።

ከዚያ አጨዳው እስኪያልቅ ሜዳው ለከብት ክልክል ነው። ለጥጃ የሚሆን ርጥብ ሣር ከፈለጋችሁ በሐምሌ ከበረቱ በኩል ያለውን ረጅም ሣር በማጭድ አጭዳችሁ ተሸከሙለት፤ ጥጃው ወደ ሣሩ አይሂድ። ይህ ደግሞ ናይትሮጅኑን ከቦታው ያወጣላችኋል።

ክልከላ በአጥር ብቻ አይጸናም፣ በስምምነት እንጂ። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጸናው ለዚህ ነው፤ ነዋሪው ተስማምቶ ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ሲፈቀድ ይከፈታል። የዘጉት ለቤት ክዳን ሣር ብለው እንጂ ለአበባ ብለው አይደለም፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ምን ያህል እንደ ጎዳ አካባቢው ያውቀዋል። እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር ያለኝ ውል ቀላል ነው፤ በክረምት በጎቻቸውን ከሜዳዬ ያርቃሉ፣ በበጋ ከአጨዳ በኋላ ይግጣሉ። ለእረኞቹ ልጆች በኅዳር ሰፈፉን ከነማሩ እሰጣለሁ፤ ከአጥሩ ይበልጥ የሚሠራው ይህ ይመስለኛል።

ስለ እበቱ አንድ ነገር ልጨምር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከመካከለኛው ቦታ እበቱን ልቀሙ፤ ካልተለቀመ በዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ ሣር ያቆማል። ዳር ያለው የተራቆተ መሬት ላይ ግን ተዉት። የማገጥ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በከብት ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ የሚያልፍ አለ፤ ከበሰለ ማገጥ የወጣ እበት ማዳበሪያም ዘርም ነው።

ማጭዱ

ብዙ ሰው ድርቆሹን ገና እርጥብና ለስላሳ እያለ ማጨድ ይፈልጋል፤ ለላም ወተት እውነት ነው፣ ለአደይ ግን ዘር ሳይጥል መቀንጠስ ነው። በጣም ስታዘገዩ ደግሞ ሣሩ እንጨት ይሆናል። ሁለቱን ለማስታረቅ ሜዳውን ከፋፍሉት፤ ብዙውን በጥቅምት እጨዱ፣ ጥቂት ፈርጆችን እስከ ኅዳር ተዉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘገዩትን ፈርጆች ቀይሩ። የአደዩ ዘር መድረሱን ለማወቅ የደረቀ ራሱን በመዳፋችሁ አሹት፤ ጠቁሮ ከተራገፈ ደርሷል።

የታጨደውን ዕለቱን አትሰብስቡ። በሜዳው ላይ እያገላበጣችሁ አድርቁት፤ ዘሩ እዚያው ይረግፋል። ከደረቀ በኋላ ግን አንድ እጅ ሣር እንኳ ሳትተዉ ሰብስባችሁ ከምሩ። ሜዳ ላይ የበሰበሰ ድርቆሽ ናይትሮጅኑን ለዚያው መሬት ይመልሳል፣ ዘሩንም ያፍነዋል።

አደይ ጨርሶ የጠፋበት ሜዳ ካላችሁ ከክምሩ ሥር የተጠረገውን ብናኝ አስቀምጡ፤ ጎረቤትም ካለው ለምኑ፣ ማንም አይከለክልም። ሰኔ ሲጠባ ሣሩን በዶማ እዚህም እዚያም ላጥ ላጥ አድርጋችሁ አፈሩ ላይ በትኑት፣ በእግራችሁ ተጫኑት፣ አፈር አታልብሱት። በጥቅጥቅ ሣር ላይ የተበተነ ዘር የወፍ ቀለብ ነው። የማገጥ ዘር ካገኛችሁ በአሸዋ አሽታችሁ ቅርፊቱን ፋቅ አድርጉት፣ ካልሆነ ብዙው ለከርሞ ይተኛል።

ለማይሆነው ቦታ

በበረቱ ዙሪያ ያለውን የሳማና የቱልት ቀበሌ ወደ አበባ ሜዳ ለመመለስ አትድከሙ። ናይትሮጅኑ በአጨዳና በዝናብ እየሳሳ ቢሄድም ለትውልድ የተጠራቀመው ፎስፈረስ ከአፈሩ ጋር ስለሚጣበቅ በእኛ ዕድሜ አይወጣም። እኔ በዚያ ድንችና ጎመን እተክልበታለሁ፤ ሳማውን በጓንት አስነቅዬ፣ ቱልቱን ከነሥሩ አስቆፍሬ። ድንቹ ደልቦ ይወጣል፣ ቀፎዎቹም ከዚያ ተነሥተው ወደ ላይኛው ቀይ አፈር ጠርዝ ተወስደዋል፤ ንቦቹ ከቀፎው አፍ ሲወጡ ፊት ለፊታቸው ማገጡን ያገኙታል።