በአነቃቂ ዕፅ የተዛባን የልብ ምት ማከም፦ ለድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች

ኮኬይን፣ አምፌታሚን ወይም ሜትአምፌታሚን ወስዶ ልቡ በኃይል እየመታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም፣ የባለሙያው እጅ ቶሎ የሚዘረጋው የልብ ምትን ወደሚያስተካክሉ መድኃኒቶች ነው። በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ ግን ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። የምቱ መዛባት ዕፁ በመላ አካል ላይ ያስነሣው ቀውስ ውጤት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መርገብ ያለበት ቀውሱ ነው፤ ይህ በወጉ ከተሠራ ምቱ ብዙ ጊዜ ያለ ሌላ መድኃኒት ይስተካከላል።

ኮኬይን ከነርቭ ጫፍ የተለቀቀው፣ ልብን የሚያፋጥነው ኖርአድሬናሊን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያግዳል፤ አምፌታሚንና ሜትአምፌታሚን ደግሞ ከነርቩ ውስጥ ካለው ክምችት በብዛት ያስወጡታል። በሁለቱም መንገድ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ጡንቻ የሚፈልገው ኦክስጅን ከፍ ይላል፤ በዚያው ሰዓት ለልብ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ይጠባሉ። ኮኬይን በዚህ ላይ የራሱ ተጨማሪ ጉዳት አለው፦ በልብ ሕዋሳት ላይ ያሉትን የሶዲየም መተላለፊያዎች ስለሚዘጋ የኤሌክትሪኩ ጉዞ ይዘገያል፣ የፖታሲየም መተላለፊያዎችንም ስለሚነካ ኪውቲ (የታችኛው የልብ ክፍል በኤሌክትሪክ ተነቃቅቶ እስኪያርፍ የሚፈጀው ጊዜ) ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ከሕመምተኛው ወይም ካመጡት ሰዎች የተወሰደውን ነገር፣ ሰዓቱንና አልኮል መኖሩን ማወቅ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ጥያቄው የሚጠየቀው ለሕክምና እንጂ ለፍርድ እንዳልሆነ በግልጽ ካልተነገረ እውነተኛ መልስ አይገኝም። የሽንት ምርመራ ይህን አይተካም፤ ከቀናት በፊት የተወሰደን ዕፅ ሊያሳይ፣ አዳዲስ ሰው ሠራሽ አነቃቂዎችን ደግሞ ሊስት ይችላል።

የልብ ትርታ የሌለው ሰው እንደማንኛውም ልቡ የቆመ ሰው ይታከማል፦ ደረትን መጫን ወዲያው ይጀመራል፣ ምቱ የሚፈቅድ ከሆነም በዲፊብሪሌተር (ለልብ የኤሌክትሪክ ምት በሚሰጥ መሣሪያ) ይመታል። ትርታ እያለው በተዛባ የልብ ምት ሳቢያ የደም ግፊቱ የወደቀ ወይም ንቃቱ እየጠፋ ያለ ሕመምተኛ ከምቱ ጋር የተቀናጀ የኤሌክትሪክ ምት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል፦ ፈጣኑ ምት ሲናስ ታኪካርዲያ (ከልብ ተፈጥሯዊ የምት መነሻ የሚመጣ ፈጣን ምት) ከሆነ ኤሌክትሪክ ምንም አይጠቅምም፤ ልቡ የፈጠነው ስለታዘዘ እንጂ ስለተበላሸ አይደለምና።

ከዚህ በኋላ ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ይነሣል፣ የኦክስጅን መጠን ይታያል፣ የደም ስኳር፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም፣ የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየው ትሮፖኒንና የጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየው ሲኬ ይመረመራሉ። ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው የሰውነት ሙቀት ነው። በአነቃቂ ዕፅ የተመረዘ ሰው በከፍተኛ ሙቀት ሊሞት ይችላል፤ ሙቀቱ ጡንቻን ሲያፈርስ ከጡንቻው የሚወጣው ፖታሲየም ራሱ ልብን ያቆማል። በፊንጢጣ ወይም በሌላ የውስጥ መለኪያ የተለካው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ በበረዶ ውኃ መንከር ወይም ውኃ እየረጩ በማራገቢያ ማቀዝቀዝ በደቂቃዎች ውስጥ መጀመር አለበት፤ የተለመዱት የትኩሳት ክኒኖች ለዚህ ሙቀት አይሠሩም።

ዋናው መድኃኒት ቤንዞዳያዜፒን የተባለው የማረጋጊያ መድኃኒት ዓይነት ነው። ዳያዜፓም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጥና ሕመምተኛው እስኪረጋጋ ድረስ፣ አተነፋፈሱን እየተከታተሉ፣ በየ5 እስከ 10 ደቂቃ ይደገማል፤ ሎራዜፓም ወይም ሚዳዞላምም ያገለግላል። የሚያስፈልገው ጠቅላላ መጠን ከለመድነው በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በመጀመሪያው መጠን አልሠራም ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት መዝለል ተገቢ አይደለም። የሚታገልን ሰው በገመድ አስሮ መተው ሙቀቱንና የደሙን አሲድነት ስለሚያባብስ አደገኛ ነው፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ኪውቲን ስለሚያራዝም በዚህ ሰዓት የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም።

ኢሲጂው ላይ ኪውአርኤስ (የታችኛው የልብ ክፍል መነቃቃትን የሚያሳየው ሞገድ) ከ120 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሰፋና ኮኬይን ከተጠረጠረ መልሱ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ በኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ኢኩቫለንት በደም ሥር በፍጥነት ይሰጣል፣ ኢሲጂው ወዲያው ይደገማል፣ ስፋቱ ካልጠበበ መጠኑ ይደገማል። ባይካርቦኔት ፖታሲየምን ስለሚቀንስ የፖታሲየሙን መጠን ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣው ፈጣን ምት ከዚህ በኋላም ከቀጠለ ሊዶኬይን መስጠት ይቻላል። ፕሮካይናማይድ፣ ኪኒዲንና ፍሌካይናይድ ግን ኮኬይን የዘጋውን የሶዲየም መተላለፊያ ይብሱን ስለሚዘጉ መሰጠት የለባቸውም።

ለልብ ፍጥነት በቀመር የተስተካከለው ኪውቲ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ ቶርሳድ ደ ፖዋንት የተባለው አደገኛ ምት ሊከተል ይችላል። ይህ ምት ከተነሣ 2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር ይሰጣል፣ ዝቅ ያለ ፖታሲየም ይሞላል፣ ኪውቲን የሚያራዝሙ ሌሎች መድኃኒቶችም ይቆማሉ፤ ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና የሚሰጠውን ሜታዶን የሚወስድ ሰው በተለይ መጠየቅ አለበት። ልብ በፈጠነ ጊዜ የባዜት ቀመር ኪውቲን ከእውነተኛው በላይ አርዝሞ ስለሚያሳይ በፍሪደሪሺያ ቀመር ማስላት ይመረጣል።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል ሥርዓት የሌለው ምት) እና ሌሎች ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሡ ምቶች ዕፁ ከሰውነት ሲወጣ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይቆማሉ። አዴኖሲን የተባለው መድኃኒት ምቱን ለአፍታ ሊሰብረው ቢችልም ቀስቃሹ ገና በደም ውስጥ ካለ ምቱ ይመለሳል። ከቤንዞዳያዜፒን በኋላም ምቱ ካልቀነሰና የደም ግፊቱ ከፈቀደ፣ የልብ ድካምም ከሌለ፣ ዲልታያዜም ይታሰባል።

የአድሬናሊን ቤታ ተቀባዮችን በመዝጋት ልብን የሚያዘገዩትን ቤታ ብሎከሮች በመስጠት ላይ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ስጋቱ የቤታ ተቀባዮች ብቻ ሲዘጉ የአልፋ ተቀባዮች ያለ ተቃራኒ ቀርተው የልብን ቧንቧዎች ይበልጥ ማጥበባቸው ነው፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ስጋት የተጋነነ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። በእኔ ግምት፣ ሕመምተኛው ገና እየተንቀጠቀጠ፣ እያላበውና ግፊቱ ከፍ ብሎ ሳለ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለውን መድኃኒት ለመስጠት የሚያስቸኩል ምክንያት የለም፤ የግድ ካስፈለገ አልፋንም የሚዘጉት ላቤታሎልና ካርቬዲሎል የተሻሉ ናቸው። የደረት ሕመም ካለ ከቤንዞዳያዜፒን ጋር አስፒሪንና ናይትሮግሊሰሪን ይሰጣሉ።

ኮኬይን ከደም የሚወጣው በፍጥነት ሲሆን ግማሹ በ1 ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ከአልኮል ጋር ሲወሰድ የሚፈጠረው ኮካኢታይሊን ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለሜትአምፌታሚን ይኸው ጊዜ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የክትትሉ ርዝመትም አብሮ ይለያያል። ከኮኬይን በኋላ የደረት ሕመም የነበረው፣ ኢሲጂውና ትሮፖኒኑ ግን ጤናማ የሆነ ሰው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ከታየ በኋላ ሊሰናበት ይችላል። የምት መዛባት የታየበት ሰው ከመሰናበቱ በፊት ኢሲጂው ሊደገም፣ የልብ አልትራሳውንድም ሊነሣ ይገባል፤ ሜትአምፌታሚን ለዓመታት የወሰደ ልብ ሊሰፋና ሊደክም ይችላልና። ይህ ድካም ዕፁ ሲቆም በከፊል ወይም በሙሉ ሊሻሻል ስለሚችል፣ በቀዶ ሕክምና የሚተከል ዲፊብሪሌተር ያስፈልገው እንደሆነ መወሰን ከሱስ ሕክምናው ጋር አብሮ መታየት አለበት፤ ከዕፅ ነፃ መሆንን በሽልማት የሚያበረታታው የባህርይ ሕክምና በዚህ ረገድ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ነው። የልብ ሐኪሙ ቀጠሮና የሱስ ሕክምናው ቀጠሮም ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ሊሰጡት ይገባል።