ተቅማጥ ቀበሌ ሲገባ መንስኤውን እንዴት እንፈልግ?

እንበል ባቲ አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ፣ የሰኞ ገበያ በዋለ በሦስተኛው ቀን ሰው ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ሁሉም «ከገበያው ነው» ይላል። ለወረዳው ወዲያው ንገሩ፤ ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ታማሚ የምትሉት ማንን እንደሆነ ወስኑ። ለምሳሌ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያለበት። ይህ ካልተወሰነ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትቆጥረውን ሌላዋ ትተወዋለች። ከዚያ ዕድሜ፣ ጎጥ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ሁሉንም ደብተር ላይ አስፍሩ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጤነኞቹንም ጠይቁ! ከ20 ታማሚ 18ቱ ገበያ ውለው ነበር ብትሉኝ ገና ምንም አልነገራችሁኝም፤ ያልታመመውም እዚያው ውሎ ሊሆን ይችላላ። ሌላ ምሳሌ፦ ከአንድ ምንጭ ከጠጡ 40 ሰዎች 20ው ቢታመሙ 50 በመቶ ነው። ካልጠጡት 50 ሰዎች 5ቱ ብቻ ቢታመሙ 10 በመቶ። አምስት እጥፍ ማለት ነው፣ እንግዲህ ዓይናችሁን ምንጩ ላይ ጣሉ።

አጠያየቅም ወሳኝ ነው። ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ «እታለም፣ ቅዳሜ ከየት ቀዳሽ? እሑድስ?» እያላችሁ ቀን በቀን ሂዱ። ኮሌራ ከሆነ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን እስከ 5 ቀን ወደኋላ መሄድ አለባችሁ።

የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በ1854 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ሐኪሙ ጆን ስኖው በኮሌራ የሞቱት የት ይኖሩ እንደነበር አጣርቶ፣ ጀርሙ በውል ሳይታወቅ የውሃ ፓምፑን እጀታ አስነቅሏል። እናንተም ውሃውን በክሎሪን አክሙ፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) አዳርሱ፣ በየቀኑም መቁጠራችሁን አታቁሙ፤ አዲስ ታማሚ ካልቀነሰ ያመለጣችሁ ሌላ ምንጭ አለ።