«ገባችሁ?» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ለማስተማር ልምምድ ለምትወጡ

ባሕር ዳር ላይ «ፔዳ» ብትሉት ባጃጅ ነጂው ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያደርሳችኋል። ስሙ የቀረው በ1965 ዓ.ም. ከተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። በ1992 ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ («ፖሊ») ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከተማዋ መምህር ማፍራት ከጀመረች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል። እኔም እዚያው ሠልጥኜ ነው ዛሬ ጎጃም ውስጥ 2ኛ ደረጃ የማስተምረው። የልምምድ መምህራንን እቀበላለሁ፤ የማያቸው ስህተቶችም በየዓመቱ ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ከአንድ ስም እንጀምር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው «ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት» ሲባል ኬሚካልና ማይክሮስኮፕ የሚመጣባቸው አሉ። የሚባለው ግን ማስተማር ራሱ የሚጠናበትና የሚለመድበት ትምህርት ቤት ነው። ጆን ዱዊ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የከፈተው በ1896 እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛም አገር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዝ ተማሪዎች ይማሩበት ነበር። ሐሳቡ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ እየሰሙ ያርማሉ። ስህተቱ ልጆቹን መሞከሪያ አድርጎ ማየት ላይ ነው። እናንተ ትለማመዳላችሁ። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ግን ያቺን 40 ደቂቃ ሁለተኛ አያገኛትም።

ተራቸው ሲደርስ ብቻ ብቅ የሚሉ አሉ። ቀድመው የመጡትም ከኋላ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ። ይልቅ የክፍሉን አቀማመጥ በወረቀት ሣሉ። መምህሩ በጠየቀ ቁጥር መልስ በሰጠው ልጅ ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ። ፔሬዱ ሲያልቅ ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ አንድም የላትም። ስትገቡ ስሟን ይዛችሁ ግቡ።

የትምህርት ዕቅድ ካለፈው ባች ገልብጦ ቀን መቀየር ደግሞ አለ። ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ተማሪዎቹ ገና በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ያውቁባችኋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ገባችሁ?» የምትለው ጥያቄ። መምህሩ ይጠይቃል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፣ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይታለፋል። ያልገባው ልጅም ከሁሉ ጋር «አዎ» ብሏል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል እጁን አውጥቶ «እኔ አልገባኝም» የሚል ማን አለ? ቋንቋው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እስከ 8ኛ ክፍል አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አንዱ ልምምድ መምህር ፔሬዱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ይጨርሰዋል፣ ሌላው ሁሉንም በአማርኛ ተርጉሞ ይወጣል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል፤ በአንዱ ትምህርቱ አይገባውም፣ በሌላው ደግሞ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሐሳቡን በአማርኛ አስረዳለሁ። ዋናዎቹን ቃላት በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እተዋቸዋለሁ። ከዚያ «ለጓደኛህ አስረዳው» እልና በመካከላቸው እየተዘዋወርኩ እሰማለሁ። ሲወጡ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ መልሰው ይሰጡኛል፤ ስም አይጻፍበትም። ማታ ሳነበው ያስተማርኩትና እነሱ የያዙት ምን ያህል እንደሚራራቅ አያለሁ። አንዳንድ ቀን ያስደነግጣል።

ሱፐርቫይዘር የሚመጣ ቀን ድራማ መሥራትም አለ። በልምምዴ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሦስት ጎበዝ ተማሪዎች ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ቀድሜ ሰጠኋቸው። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጥያቄዬን ሳልጨርስ አንዱ ልጅ መልሱን ተናገረ። ክፍሉ ዝም አለ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ግን እንዳታለልኩ አይተዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ኩረጃ ምን ብዬ ልንገራቸው? እስከ ልምምዱ መጨረሻ ያንን ቃል ማንሳት አልቻልኩም። ያልገባቸው ልጆች ቢኖሩበትም ክፍሉን እንዳለ አሳዩ። ሱፐርቫይዘሩ የመጣው ሊያግዛችሁ ነው።

ሰኞ ጠዋት ያረፈደውን ልጅ በር ላይ ከማንበርከካችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ዳንግላም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ወይ ሰኞ ማለዳ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ቅዳሜና እሑድ እርሻ ላይ ነበሩ። ከባዱን የቤት ሥራ ለማክሰኞ ብታደርጉት የሚሠሩት ልጆች ቁጥር ይጨምራል። ማንበርከክና ዱላ ግን ከማንም ተማሪ ጋር አይሠራም፤ ነባር መምህር ሲያደርገው ብታዩ እንኳ አትቅዱት።

ይሉኝታ ደግሞ የሁላችንም ችግር ነው፤ እኔንም ጨምሮ። አማካሪ መምህሩ ሠልጣኙን ላለማስከፋት «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይሸኛል። ልምምድ መምህሩም ታላቁን አክብሮ አይጠይቅም። «ጋሼ፣ እንዴት ነበር?» ካላችሁ «ጥሩ ነው» ትሰማላችሁ። «ጋሼ፣ ልጆቹ መሰላቸት የጀመሩት የትኛው ደቂቃ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ የጠየቀችኝ አንዲት ሠልጣኝ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ተገደድኩ፤ ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት አወራን።

የመጨረሻው ሳትሰናበቱ መጥፋት ነው። የልምምዱ ቀን ሲያልቅ ሻንጣ ይታሰራል፣ የተከታታይ ምዘናው ማርክ ግን በሠልጣኙ ደብተር ውስጥ ይቀራል። የክፍሉ መምህር ልጆቹን እንደገና ይፈትናል። ማርኩን በዝርዝር አስረክቡ። የታረመውን ወረቀት ለልጆቹ መልሱ። የት ድረስ እንዳስተማራችሁ፣ የቱ ርዕስ እንዳልገባቸው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለመምህሩ ስጡ። በመጨረሻው ፔሬድ ክፍሉ ገብታችሁ ልጆቹን በየስማቸው ተሰናበቷቸው፤ መስኮቱ ሥር ያለችዋንም።