ኤሲ ልታስገጥሙ ነው? መጀመሪያ ሜትር ያዙ

"ኤሲ ማስገጠም ስንት ይፈጃል?" የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ "የውጪው ሣጥን የት ይቀመጣል?" ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዕቃውን መርጠዋል። አንዳንዱ እንዲያውም ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦታል። ኤሲ ሁለት ሣጥን ነው፤ አንዱ ክፍሉ ውስጥ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ሌላው ሙቀቱን ውጪ ይጥላል። የውጪው የት እንደሚሰቀል ግን አላሰቡበትም። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሆነኝ። ሰው ሂሳብ አይቶ ሲደነግጥ ያየሁት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ያዙ።

የውስጡና የውጪው ሣጥን የሚገናኙት በሁለት የመዳብ ቱቦ ነው። አንዱ ቀጭን ነው፣ ሌላው ወፈር ይላል። ገመድና የውሃ ማፍሰሻም አብረው ይሄዳሉ። በካርቶኑ ውስጥ ቱቦ ቢኖር እንኳ አጭር ነው። ከዚያ ያለፈውን በየሜትሩ ትከፍላላችሁ፤ መዳቡን፣ የሚሸፈንበትን ስፖንጅ፣ ገመዱን፣ የእጅ ዋጋውን። መዳብ ደግሞ ርካሽ ነገር አይደለም። በቱቦው ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዘው ጋዝም ይከተላል። ፋብሪካው የሞላው ጋዝ የሚበቃው ለተወሰነ ርዝመት ነው፤ በብዙ ትንንሽ ሞዴሎች ከ5 እስከ 7.5 ሜትር። ከዚያ ሲያልፍ መመሪያው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ፣ በሚዛን ተመዝኖ ይጨመራል።

ስትለኩ በዓይን ቀጥታ አትለኩ። ቱቦው በሚሄድበት መንገድ ለኩ። ከአልጋው በላይ ተነስቶ፣ ጥጉን ዞሮ፣ በውጪው ግድግዳ ይወርዳል። 4 ሜትር የመሰላችሁ 9 ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። የውስጡን ሣጥን ወደ ውጪው ግድግዳ ብታዞሩት ደግሞ 9ኙ ወደ 3 ይወርድ ይሆናል። እኔ ለደንበኛ ትልቁን ገንዘብ ያተረፍኩት በዚህች ለውጥ ነው፤ ዕቃ በመቀየር አይደለም።

ቦታውን ስትመርጡ ሠራተኛው እንዴት እንደሚደርስበትም አስቡ። መሬት ላይ ወይም ሰፊ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ቀላል ሥራ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በባዶ ግድግዳ የሚሰቀለው ግን ገመድ፣ ቀበቶ፣ አንዳንዴም መወጣጫ ይፈልጋል። ያኔ የእጅ ዋጋው ቢጨምር አትከራከሩ፤ የሰው ነፍስ ነው። ለጥገናም በዚያው መንገድ እንደሚወጣ አትርሱ። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ውስጥ ግን በፍጹም አታስቀምጡት። ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። መብራት ይበላል፣ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰርም ይደክማል።

ግድግዳውም ዋጋ አለው። ብሎኬት ከሆነ ቀዳዳው ቶሎ ያልቃል። አርማታ ከሆነ ሌላ መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው። ቢም ወይም ኮለን ላይ ሊቀድ የመጣ ሰው ካለ አስቁሙት። ፌሮ ተቆርጦ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም።

አሁን ወደ መጠኑ። አንዲት እናት ለመኝታ ቤታቸው 24,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የማሽኑ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ገዝተው ጠሩኝ። ክፍሉ 12 ካሬ ሜትር ነው። ሻጩ "ትልቁ ይሻልዎታል፣ ቶሎ ያቀዘቅዛል" ብሏቸው ነበር። ዕቃው ተገዝቷልና ገጠምኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። "ልጄ፣ ይበርዳል፤ ግን አንሶላዬ እርጥብ እርጥብ ይለኛል" አሉኝ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ተነሳ። ትንሽ ደቂቃ ሠራና ቀጥ አለ። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ቆመ። አየሩን ቶሎ ያበርደዋል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ግን ጊዜ አይሰጠውም። እኚያ እናት ለማሽኑ ከሚገባው በላይ ከፈሉ። ለወፍራሙ ቱቦና ለኤሌክትሪክ መስመሩም እንዲሁ። የከፈሉት ግን ላልተመቸ እንቅልፍ ሆነ። ዛሬ ቢሆን ሳልገጥመው "ይመልሱት" እላቸው ነበር።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ሙቀት በሚበረታበት አካባቢ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ500 እስከ 600 ቢቲዩ ብላችሁ ጀምሩ፤ ሙቀቱ ለዘብ የሚል ከሆነ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። 20 ካሬ ሜትር ክፍል በ600 ሲባዛ 12,000 ይመጣል። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚመታው ክፍል ከሆነ 10 በመቶ ጨምሩ። ክፍሉን ዘወትር ከሁለት ሰው በላይ የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ያህል። ጣሪያው ከፍ ያለ ወይም በቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ከሆነ ለባለሙያው ንገሩት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ በሩ ሥር ያለውን ክፍተት ዝጉ። አንድ ደረጃ ያነሰ ማሽን ሊበቃችሁ ይችላል።

ኢንቨርተር ወይስ ተራው? ተራው ኮምፕረሰር ወይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ወይ ይቆማል። ኢንቨርተሩ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ይቀጥላል። ሌሊቱን ሙሉ የምታበሩት ከሆነ ጨመር አድርጋችሁ ኢንቨርተር ግዙ፤ በመብራት ሂሳብ ይመለሳል። በወር ሁለት ቀን ለሚከፈት የእንግዳ ክፍል ግን ተራው ይበቃል።

ኤሌክትሪኩን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ኤሲ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) ይፈልጋል። ከማቀዝቀዣና ከምድጃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካም። የቀለጠ ሶኬት በእጄ ይዤ አውቃለሁ፤ ከበስተጀርባው ያለው የእንጨት ቁም ሳጥን ጠቁሮ ነበር። ቤቱ የቆየ ከሆነ ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ ገመድ መሳብ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ለብቻው በጀት ያዙለት። መብራት ከፍ ዝቅ የሚልበት ቤት ከሆነ የቮልቴጅ መከላከያም አስቡ። ከኤሲው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

አሮጌ ኤሲ አውጥታችሁ አዲስ የምትተኩ ከሆነ "ቱቦው አለ፣ እሱን እንጠቀም" ማለታችሁ አይቀርም። ይገባኛል። ግን የድሮው አር-22 የሚባለው ጋዝ ከሆነ ተጠንቀቁ። አሁን ያሉት አር-410ኤ እና አር-32 ከሱ በ60 በመቶ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ይሠራሉ። የኮምፕረሰራቸው ዘይትም የተለየ ነው። ግድግዳው የሳሳ አሮጌ ቱቦ ግፊቱን ላይቋቋመው ይችላል። እኔ አዲስ ቱቦ ነው የምመክረው።

አንድ ነገር ላይ ቆም በሉልኝ፤ ቫኪዩም። ቱቦው ከተገናኘ በኋላ ውስጡ አየርና እርጥበት አለ። በፓምፕ መውጣት አለበት። ፓምፑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያንጎራጉራል። የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ቀስት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዚያ ፓምፑን አጥፍቼ ቫልቩን እዘጋና እጠብቃለሁ። ቀስቱ ፍንክች ካላለ ቱቦው ጤነኛ ነው። ቀስ እያለ ከተነሳ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል፤ ብዙውን ጊዜ የቱቦው ጫፍ በደንብ ሳይሰፋ የቀረበት ወይም ያልጠበቀ መጋጠሚያ ነው። በቁጥር ለሚያሳይ ጌጅ ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ ነው) በታች ይውረድ። ርካሽ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህንን ነው። ጋዙን ትንሽ ለቀቅ አድርጎ "አየሩን ገፋሁት" ይላል። የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል፤ ኮምፕረሰሩን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። አር-32 ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ጋዝ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚለቀቅ አይደለም። ስለዚህ ስትደራደሩ "ፓምፕ ይዘህ ትመጣለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። "አያስፈልግም" ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ዋጋ ስትጠይቁ ከሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ፣ ግን ድምሩን ብቻ አታወዳድሩ። ስንት ሜትር ቱቦ ተካቷል? ከዚያ ላለፈው በሜትር ስንት? ማቆሚያ ብረቱ የማን ነው? ቀዳዳው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የውሃ ማፍሰሻው አለበት? ቢያንጠባጥብ ወይም ጋዝ ቢያመልጥ እስከ መቼ ይመጣል? ይህን በጽሑፍ ያዙ። አንዱ "ግማሽ ዋጋ" ያለው፣ 3 ሜትር ቱቦ ብቻ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ከዓመት በኋላ "ጋዝ አልቋል፣ እንሙላ" የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ አትስማሙ። ጋዝ በዝግ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም። ከቀነሰ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ የሚሞላ ጋዝ ገንዘብ አየር ላይ መበተን ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሰውየውን ቶሎ አትሸኙት። ማሽኑ 15 ደቂቃ ይሥራ። ሲገባና ሲወጣ ያለውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይላል። ከዚያ የውስጡን ሣጥን ሽፋን አስከፍቱትና አንድ ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃ መያዣው አፍስሱ። የማፍሰሻው ቱቦ ተዳፋት ከሌለው ውሃው ግድግዳችሁ ላይ ይወርዳል። ባለሙያው መሰላሉን ሳያጥፍ ዛሬ ይታይ። ውጪ ወጥታችሁ ከቱቦው ጫፍ ውሃው ሲንጠባጠብ ካያችሁ፣ ሂሳቡን ክፈሉ።